ሂሳብ ያጠና ወጣት የት ይመደብ? ከመተማ መማሪያ ክፍል እስከ መንግሥት መሥሪያ ቤት

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ አይከልን፣ ነጋዴ ባህርንና ገንዳ ውሃን አልፎ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ መንገደኛ በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን ላይ ከምትገኘው መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከተማዋ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም ከደርቡሾች ጋር በተደረገው ውጊያ ለአገራቸው የወደቁባት ታሪካዊ ሥፍራ ናት። የጎንደርን ደጋ ከሱዳን ጋር ለዘመናት ሲያገናኝ የኖረ የንግድ በርም ናት።

በዚህ የጠረፍ ገበያ ያደገ ልጅ የሰሊጥን ዋጋ ከኪሎ ወደ ኩንታል፣ ከብር ወደ ሱዳን ፓውንድ በቃሉ ሲያሰላ መመልከት እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። ስሌት ለቆላው ነዋሪ የዕለት ተዕለት ኑሮው አካል ነው። ይሁንና ይኸው ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አጠናቆ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሂሳብን የመጀመሪያ ምርጫው ያደርጋል ተብሎ አይጠበቅም። ቤተሰቡ ሕክምናን፣ ምህንድስናን ወይም የሂሳብ አያያዝን ይመኝለታል። ሂሳብ አጠናለሁ ቢል የሚቀርብለት ጥያቄም የታወቀ ነው፤ «ከመምህርነት ሌላ ምን ትሠራበታለህ?» የሚል።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በሁለት በኩል መታየት ይኖርበታል። በአንድ በኩል የሂሳብ ምሩቅ ሊሠራባቸው የሚችሉ የሥራ መስኮች ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ እነዚህ በሮች በተከፈቱ ቁጥር እንደ መተማ ካሉ ቆላማ አካባቢዎች መማሪያ ክፍሎች መምህር የመጥፋቱ ሥጋት ይጨምራል። የሁለቱ ጉዳዮች ዕቅድ በተናጠል ሲወጣ አንዱ ሌላውን ይጎዳል። የዚህ ሐተታ ዓላማም ይህንን ማመልከት ነው።

በቅድሚያ አገራዊውን ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ከተደረገ ወዲህ የትምህርት ጥራት ችግር ስፋቱ በግልጽ ታይቷል። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ብቻ ሲሆኑ፣ ይህም ከጠቅላላው 3 ነጥብ 3 በመቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም ውጤቱ ወደ 3 ነጥብ 2 በመቶ ዝቅ ብሎ፣ በ2016 ዓ.ም ወደ 5 ነጥብ 4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ወደ 8 ነጥብ 4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉ የሚበረታታ ቢሆንም ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አሁንም ከማለፊያው በታች ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ የሚቀበሏቸውን የሂሳብ ተማሪዎች የሚያገኙት ከማለፊያው በላይ ከሚገኙት ጥቂቶች መካከል ነው። ለእነዚሁ ጥቂቶች ደግሞ ሕክምናውም፣ ምህንድስናውም፣ ኮምፒውተር ሳይንሱም ይሻማሉ።

ሂሳብ ከሌሎች የትምህርት ዓይነቶች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። የትናንቱ ትምህርት ሳይያዝ የዛሬው አይገባም። የታሪክ ተማሪ አንድ ምዕራፍ ቢያመልጠው ቀጣዩን ምዕራፍ አንብቦ መረዳት ይችል ይሆናል። ክፍልፋይን ያልተረዳ ተማሪ ግን አልጀብራ ይከብደዋል፤ አልጀብራ ያልያዘም ካልኩለስን ሊከታተል አይችልም። በመሆኑም የአንድ ወር መቅረት በሂሳብ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ከአንድ ወር በላይ ነው።

ይህ ባሕርይ በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ሲታይ የችግሩ ክብደት ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ናቸው። የሰሊጥ አጨዳ የሚደርሰው ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረምና በጥቅምት ወራት ነው። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ስለሚረግፍ ሥራው ፋታ አይሰጥም። በዚህም ምክንያት ለጉልበት ሥራ የሚፈለግ ወጣት የዓመቱ የሂሳብ ትምህርት መሠረት በሚጣልበት ወቅት ከክፍል ውጪ ሊሆን ይችላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት የሙቀቱ መጠን ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ከሰዓት በኋላ ያለው የትምህርት ጊዜ አድካሚ ይሆናል። የወባ በሽታም ተማሪውንና መምህሩን በየተራ ያስቀራል።

በዚህ ላይ በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በመተማ በኩል እንዲገቡ ምክንያት ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተከሰተው የጸጥታ ችግርም በርካታ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ እንዲዘጉ አድርጓል። ትምህርት ተቋርጦ ሲቀጥል ሁሉም የትምህርት ዓይነት ይጎዳል፤ ደረጃ በደረጃ የሚገነባው ሂሳብ ግን የበለጠ ይጎዳል። ስለሆነም ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ከቆመበት ገጽ መቀጠል ለሂሳብ በቂ አይሆንም፤ የተጓደለውን ለይቶ ማካካስ የግድ ይላል።

ስሌት ለጎንደር አካባቢ ከውጭ የመጣ ዕውቀት አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በአብያተ ክርስቲያናት ትምህርት ቤቶች ለዘመናት ሲሰጥ የኖረው የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ለዚህ ምስክር ነው። ለአብነት ያህል የ2018 ዓ.ም አበቅቴና መጥቅዕ ሲፈለግ በ2018 ላይ 5 ሺህ 500 ተደምሮ 7 ሺህ 518 ይገኛል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 12 አበቅቴ ሲሆን፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 18 ደግሞ መጥቅዕ ነው። የሁለቱ ድምር 30 መሆኑ የስሌቱን ትክክለኛነት ያረጋግጣል።

ሊቃውንቱ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን ለማወቅ የተጠቀሙበት ይህ የቀሪ ስሌት በዘመናዊው ሂሳብ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ዘርፍ አካል ነው። እ.ኤ.አ በ1977 ሦስት ተመራማሪዎች ያቀረቡትና በዓለም ዙሪያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚላኩ መረጃዎችን በምሥጢር ለመጠበቅ ያገለገለው ዘዴም በቀሪ ስሌትና በትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ላይ የተመሠረተ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአገራችን ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ያሉ አገልግሎቶችን የሚጠብቅ ባለሙያ የቁጥር ንድፈ ሐሳብን መረዳት ይኖርበታል። የሂሳብ ምሩቅ ከመምህርነት ውጪ ከሚሰማራባቸው መስኮች አንዱም ይኸው የመረጃ ደህንነት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሂሳብ የሚያጠና ወጣት የሚማረው ምን እንደሆነም መታወቅ አለበት። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና በመጀመሩ በተፈጥሮም ሆነ በማህበራዊ ሳይንስ የተመደቡ ተማሪዎች ሁሉ የሂሳብ ኮርስ ይወስዳሉ። በሂሳብ ትምህርት ክፍል የሚቀጥሉት ደግሞ ካልኩለስን፣ ሊኒየር አልጀብራን፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን፣ ፕሮባቢሊቲን፣ ኒውመሪካል አናሊሲስንና ሌሎችንም ያጠናሉ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ እንደ ሌሎች ምሩቃን ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። ለምዕራብ ጎንደር ወጣቶች ቅርብ በሆኑት የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይም ይሰጣል።

መንግሥት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማህበራዊ ሳይንስ እንዲሰለፉ ያወጣው የቅበላ ምጣኔ በርካታ ወጣቶችን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ አምጥቷል። ሆኖም ተማሪው በፍላጎቱ ሳይሆን በምደባ ወደ ሂሳብ ሲገባ፣ ሲመረቅም ከማስተማር በቀር ሌላ መንገድ እንዳለ ሳይነገረው ሲቀር ትምህርቱን በሙሉ ልብ ለመከታተል ይቸገራል። እነዚያ ሌሎች መንገዶች የትኞቹ እንደሆኑ ከቆላው ኑሮ ተነስቶ ማሳየት ይቻላል።

የመጀመሪያው የስታቲስቲክስ ሥራ ነው። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ይደነግጋል። አገር አቀፍ ቆጠራ የተደረገው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም ነው። የምዕራብ ጎንደር ዞን ከቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ተከፍሎ የተዋቀረው ግን በ2010 ዓ.ም ነው። ይህ ማለት ዞኑ በራሱ ስም የቆጠራ ውጤት የለውም፤ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለበጀት ክፍፍል የሚያገለግለው የሕዝብ ብዛት በትንበያ የተገኘ ነው። በአጨዳ ወቅት ከደጋ የሚወርዱት ወቅታዊ የጉልበት ሠራተኞች ሲታከሉ ደግሞ የአካባቢው የሕዝብ ቁጥር ከወር ወር ይለያያል። ትንበያው የቆመበትን ግምት መርምሮ «ይህ አኀዝ በዚህን ያህል ሊሳሳት ይችላል» ብሎ የሚያስረዳ ባለሙያ የሌለው የዕቅድ ክፍል በጀቱን በጭፍን ለመደልደል ይገደዳል።

ሁለተኛው ከሰሊጥ ንግድ ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ በኋላ መተማን ጨምሮ በአምራች አካባቢዎች መጋዘኖችን አቋቁሞ ሰሊጥን በደረጃ እየለየ አገበያይቷል። ደረጃ የሚወጣው ከጭነቱ በተወሰደ ናሙና ነው። በናሙናው ላይ የሚገኝ የ2 በመቶ ባዕድ ነገር በ100 ኩንታል ላይ የ2 ኩንታል ልዩነት ነው። ናሙናው ስንት መሆን አለበት የሚለው ጥያቄ የሂሳብ ጥያቄ ነው። የስታቲስቲክስ ሕግ እንደሚያስረዳው የናሙናን ስህተት በግማሽ ለመቀነስ የናሙናውን ብዛት በአራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ገበሬውም ሆነ ነጋዴው የሚተማመንበት ገበያ የሚቆመው እንዲህ ባለው ስሌት ላይ ነው።

ሦስተኛው የጤናው ዘርፍ ነው። ወባ በትንኝ አማካይነት እንደሚተላለፍ አረጋግጦ እ.ኤ.አ በ1902 የኖቤል ሽልማት ያገኘው እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ፣ እ.ኤ.አ በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ የበሽታውን ሥርጭት በሂሳብ ቀመር አስልቷል። ወባን ለመቆጣጠር ትንኝን አንድ ሳይቀር ማጥፋት እንደማያስፈልግ፣ ቁጥሩን ከተወሰነ ደረጃ በታች ማውረድ በቂ እንደሆነ ያሳየው በዚህ ስሌት ነበር። በመተማና በአካባቢው ከወባ በተጨማሪ የቆላ ቁንጭር በሽታ በተለይ ወቅታዊ ሠራተኞችን ያጠቃል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ በሽታ ሕክምናና ምርምር የሚታወቅ ተቋም ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን ሲያክም የሂሳብ ባለሙያው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ምን ያህል መድኃኒት አስቀድሞ መድረስ እንዳለበት ያሰላል።

አራተኛው የአስቸኳይ ጊዜ ዕቅድ ነው። ከሱዳን የሸሹ ስደተኞች በ2015 ዓ.ም ወደ መተማ ሲገቡና በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሲሰፍሩ ከቀዳሚዎቹ ጥያቄዎች አንዱ የውሃ አቅርቦት ነበር። በሰብዓዊ ዕርዳታ ሥራ ተቀባይነት ባለው ዝቅተኛ መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ለ10 ሺህ ሰው 150 ሺህ ሊትር፣ ማለትም 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ 15 ምልልስ ማለት ነው። ቦቴዎቹ ጥቂት፣ የውሃ መቅጃዎቹም የተራራቁ ሲሆኑ በአነስተኛ ነዳጅ ብዙ ሰው የሚያዳርሰውን መስመር መምረጥ ይገባል። ይህም በሂሳብ ትምህርት ክፍሎች በሊኒየር ፕሮግራሚንግ ኮርስ የሚሰጥ ዕውቀት ነው።

አምስተኛው ሁሉንም የመንግሥት ሠራተኛ የሚመለከተው የጡረታ ጉዳይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ፈንድ ያዋጣሉ። ዛሬ የሚሰበሰበው መዋጮ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ የሚከፈለውን አበል መሸፈን መቻሉ የሚታወቀው የሕዝቡን የዕድሜ ጣሪያ፣ የደመወዝ ዕድገትን፣ የዋጋ ንረትንና የፈንዱን ትርፍ በአንድ ላይ በማስላት ነው። ይህ አክቹዋሪ የሚባለው ሙያ ነው። ለኢንሹራንስ ኩባንያዎችም የግድ አስፈላጊ ሲሆን መሠረቱ ሂሳብ ነው። በጥር ወር 2017 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ይህንኑ ዕውቀት የሚሻ ነው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍም በዚሁ ረድፍ የሚታይ ነው። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ዶክተር ረድኤት አበበ በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ አጥንተው፣ በእንግሊዝ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። እ.ኤ.አ በ2019 ደግሞ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል። ምርምራቸው የኮምፒውተር ስሌቶች ለድሃውና ለተገለለው የኅብረተሰብ ክፍል ፍትሐዊ እንዲሆኑ በማድረግ ላይ ያተኮረ ነው። የሂሳብ ትምህርት ወደ ሌላ ሙያ መሸጋገሪያ ድልድይ ለመሆኑ የእርሳቸው ጉዞ ጥሩ አስረጂ ነው።

ከላይ የተዘረዘሩት መስኮች ቢኖሩም ምሩቁ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲመጣ የሚገጥመው አንድ እንቅፋት አለ። ይኸውም በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ የሚሰፍረው የተፈላጊ ችሎታ ዝርዝር ነው። ለዕቅድ፣ ለመረጃ ትንተናና ለገቢ ትንበያ የሥራ መደቦች ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግና ስታቲስቲክስ ተጠቅሰው መጨረሻ ላይ «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ሐረግ ሲሰፍር ይታያል። ሂሳብ ከእነዚህ ጋር ተመሳሳይ ነው ወይስ አይደለም? ማስታወቂያው ካልመለሰ የሚመልሰው መዝጋቢው ባለሙያ ነው። ባለሙያው ደግሞ በኋላ በኦዲት እንዳይጠየቅ በመሥጋት ስሙ በግልጽ ያልተጻፈውን የትምህርት መስክ ለመመዝገብ ሊያመነታ ይችላል። በዚህ መንገድ አራት ዓመት የተደከመበት ዕውቀት በአንዲት ቃል አሻሚነት ከበር ሊመለስ ይችላል።

በአንጻሩ ይህ በር ያለ ዕቅድ ቢከፈት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይሆንም። አንድ ወጣት የሂሳብ መምህር በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ በሚገኝ ባንክና በቋራ ወይም በመተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መካከል እንዲመርጥ ቢደረግ ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት አያዳግትም። ሙቀቱ፣ ወባው፣ የኑሮ ውድነቱና የጸጥታው ሁኔታ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «እዚያ ከገባሁ ተረስቼ እቀራለሁ» የሚል ሥጋት አለ። የበረሃ አበል የኑሮውን ጫና በተወሰነ ደረጃ ያቃልል ይሆናል፤ የመረሳትን ሥጋት ግን አያስወግድም። መምህሩ ሲሄድ በቦታው የሌላ ትምህርት መምህር ተተክቶ ሂሳብ እንዲያስተምር ይደረጋል፤ ወይም ክፍለ ጊዜው ባዶ ይሆናል። ከዚያ ክፍል የሚወጣ ተማሪ ሂሳብን መምረጥ ቀርቶ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ለመግባትም ይቸገራል። ዛሬ ለመሥሪያ ቤቶች የተገኘው ባለሙያ ነገ ምንጩ የሚደርቀው በዚህ መልኩ ነው።

በመሆኑም መፍትሔው የሂሳብ ምሩቃንን በመምህርነት ብቻ አጥሮ ማስቀረት አይደለም። እንዲህ ያለው አካሄድ ትምህርቱን ይበልጥ የማይመረጥ ያደርገዋል። ተገቢው አቅጣጫ በቆላማው አካባቢ ማስተማር የአንድ ባለሙያ የሥራ ዘመን መነሻና መሸጋገሪያ እንዲሆን ማድረግ ነው። ለአብነት በጠረፍ ወረዳ ለተወሰኑ ዓመታት ሂሳብ ያስተማረ ወጣት ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ዕድል ቅድሚያ ቢሰጠው፣ በዞንና በክልል የዕቅድና የመረጃ መደቦች ለመወዳደርም አገልግሎቱ እንደ ሥራ ልምድ ቢያዝለት መተማ ለእርሱ የጉዞው ማብቂያ አትሆንም። የምደባው ጊዜ አስቀድሞ የታወቀና በተባለበት ቀን የሚፈጸም ሊሆን ይገባል። የተገባለት ቃል በወቅቱ ያልተፈጸመለት አንድ መምህር ሌሎች ብዙዎች እንዳይመጡ ምክንያት ይሆናልና።

ይህንን እውን ለማድረግ የሚጠይቀው ወጪ ሁልጊዜ ከፍተኛ አይደለም። የሲቪል ሰርቪስ ተቋማት በተፈላጊ ችሎታ ዝርዝር ውስጥ ሂሳብን በስሙ ቢጠቅሱ አንድ ገንዘብ አይጠይቅም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የመምህራንን ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በትምህርት ዓይነትና በትምህርት ቤት ለይተው ቢመዘግቡ በአማካይ የተሟላ የሚመስለው ወረዳ ውስጥ የሂሳብ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ተለይቶ ይወጣል። የሰሊጥ አጨዳ በሚደርስባቸው ሳምንታት የሚያመልጠውን ትምህርት በኅዳርና በታኅሣሥ ለማካካስ አስቀድሞ መርሐ ግብር ማውጣት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዎችም የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሶችን ከናሙና አወሳሰድ፣ ከወባ ሥርጭትና ከውሃ ሥርጭት ጋር ቢያያይዙ ተማሪው የዕውቀቱን ጥቅም ከመመረቁ በፊት ይረዳል፤ ወረዳውም የሚገለገልበት ጥናት ያገኛል።

ተማሪዎች ወደ ተፈጥሮና ማህበራዊ ሳይንስ የሚለዩት በ11ኛ ክፍል በመሆኑ ስለ ሙያው የሚሰጠው መረጃ ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። በ10ኛ ክፍል ያለ ተማሪ «ከመምህርነት ሌላ ምን ትሠራበታለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የጡረታውን፣ የጤናውን፣ የምርት ገበያውንና የመረጃ ደህንነቱን ሥራ ጠቅሶ ሊመልስ ይገባል። መምህርነትንም ከእነዚህ ሁሉ በፊት በክብር ሊጠራው ይገባል፤ ሌሎቹ ሙያዎች የሚበቅሉት ከእርሱ ነውና።

የመተማ ልጅ በገበያ ላይ የሚያሳየው የስሌት ችሎታ በመማሪያ ክፍልም እንዲቀጥል ከፊቱ የሚቆም መምህር ያስፈልገዋል። ያንን መምህር አሠልጥኖ፣ መድቦና አበረታቶ በቦታው ማቆየት የትምህርት ዘርፉ ብቻ ሳይሆን የሰው ኃይል የሚያቅድ የእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ነው።